«ሊሆን አይችልም» የተባለው ቀለም

መምህሩ ሦስት ፈሳሾችን ብርጭቆ ውስጥ ይደባልቃል። ድብልቁ መጀመሪያ ውሃ ይመስላል፤ ቀስ ብሎ ወርቃማ ይሆንና ድንገት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይገለበጣል። ተማሪው «አለቀ» ሲል ሰማያዊው ይጠፋል፤ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። ማንም ሳይነካው ለደቂቃዎች እንዲህ ይመላለሳል። ዛሬ ክፍል ውስጥ የሚጨበጨብለት ይህ ትርኢት ከጀርባው ሰሚ ያጣ ሰው አለ።

ሰውየው ሶቪየታዊው ኬሚስት ቦሪስ ቤሎሶቭ ነው። ሎሚ ውስጥ የሚገኘውን ሲትሪክ አሲድ ከብሮሜትና ከሴሪየም ጋር ሲቀላቅል ፈሳሹ ቢጫ ሆነ፤ ቢጫው ጠፋ፤ ተመልሶ መጣ። በ1951 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጽሑፉን ለመጽሔት ላከ። መልሱ አጭር ነበር፦ እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን አይችልም።

አርታኢዎቹ የተመረኮዙት በፊዚክስ ሕግ ነው። ኬሚካዊ ለውጥ ወደ ሚዛኑ ይሄዳል እንጂ እንደ ሰዓት ፔንዱለም ወዲያና ወዲህ አይልም። ሕጉ ልክ ነው፤ የተሳሳቱት በአተረጓጎሙ ነው። ፈሳሹ በጠቅላላው የሚጓዘው ወደ ሚዛኑ ነው፤ ግብዓቱም እያለቀ ነው። ከፍ ዝቅ የሚሉት መሃል ላይ የሚፈጠሩት ንጥረ ነገሮች ብቻ ናቸው። ግብዓቱ ሲያልቅ የቀለሙም ምልልስ ያቆማል። ይህን ለማየት ደግሞ አንድ ብርጭቆና ጥቂት ደቂቃ ይበቃ ነበር!

ቤሎሶቭ ስድስት ዓመት ያህል ሠርቶ እንደገና ሞከረ። አሁንም አልተሳካም። በመጨረሻ በ1959 አጭር ጽሑፍ ወጣለት፤ ያውም በጨረር ሕክምና ጽሑፎች ስብስብ ውስጥ። ኬሚስት ፈልጎ የማያገኘው ቦታ ነው።

በ1961 አናቶሊ ዣቦቲንስኪ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ሞስኮ ውስጥ ነገሩን አነሳው። ሲትሪኩን በማሎኒክ አሲድ ተካ፤ አሠራሩንም በዝርዝር አጠና። በ1968 ፕራግ ላይ በተደረገ ጉባኤ ወሬው ወደ ምዕራቡ ዓለም ተሻገረ።

ቀጣዮቹ ሰዎች ፕሮፌሰሮች አልነበሩም። ቶማስ ብሪግስና ዋረን ራውሸር በሳን ፍራንሲስኮ የጋሊልዮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን ነበሩ። አሜሪካዊው ዊልያም ብሬይ በ1921 ስለ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድና አዮዴት ምልልስ ጽፎ ነበር፤ እሱንም ብዙዎች «ቆሻሻ ገብቶበት ነው» ብለውታል። ሁለቱ መምህራን የብሬይን ድብልቅ ከማሎኒክ አሲድና ከማንጋኒዝ ጋር አዋሃዱ፤ ሰማያዊው እንዲደምቅ ስታርች ጨመሩ። ውጤቱን በ1973 በኬሚስትሪ ትምህርት መጽሔት አወጡት። መግቢያው ላይ ያየነው ብርጭቆ የእነሱ ነው።

በ1980 ዣቦቲንስኪና ባልደረቦቹ የሌኒን ሽልማት ሲቀበሉ የቤሎሶቭም ስም ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። እሱ ግን ከሞተ 10 ዓመት ሆኖታል።