በጭስ የሚቈጠር ሕዝብ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት የጎጃም ደጋ መንደር

በአንዲት መንደር ስንት ሰው ይኖር እንደ ነበረ ለማወቅ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ማን ቈጠረ? ስለ ምንስ ቈጠረ?» ብሎ ነው። ቍጥር ያለ ምክንያት አይነሣምና። ግብር ተቀባይ የሚከፍለውን ይቈጥራል፤ የጦር አለቃ ጋሻና ጦር የሚይዘውን ይቈጥራል፤ ባለርስት የአባቶቹን ሐረግ ይቈጥራል። ሰውን ሰው ስለ ሆነ ብቻ መቍጠር ግን በዓለም ላይ እጅግ ያረጀ ሥራ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ስዊድን በ1749፥ አሜሪካ በ1790፥ እንግሊዝ በ1801 ጀመሩ። በኢትዮጵያም መላውን አገር የሚያጠቃልል የመጀመሪያው የሕዝብ ቈጠራ የተደረገው በ1976 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ከዚያ በፊት የነበረውን መንደር መልክ ማየት የሚሻ ሰው ሌሎች ዓላማዎች ጥለዋቸው የሄዱትን ቍጥሮች መልቀምና ማስተያየት ይኖርበታል።

ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን፥ በጮቄ ተራራ ተዳፋት ላይ፥ ሮብ ገበያ የምትባል ከተማ አለች። ስሟ ታሪኳን ይናገራል፤ ገበያው የሚቆምበት ቀን የቦታው መጠሪያ ሆኗልና። በዙሪያዋ ያለው አገር ብርዱ የጸና ደጋ ነው። ገብስ፥ እንግዶ፥ ባቄላና ተልባ ይበቅልበታል፤ በግና ፈረስ ይረባበታል። የጨሞጋ ወንዝም ከጮቄ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ደጋ መንደር ማለት ቤት ከቤት ተጣብቆ የሚታይበት ሥፍራ አይደለም፤ አንዱ ጎጆ ከጉብታው ላይ፥ ሌላው ከምንጩ አጠገብ፥ ሦስተኛው ከእርሻው ዳር ተበታትኖ ይገኛል። እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ መቃብር ነው። የሚቈጠረውም ሕዝብ በአጥቢያው ይታወቃል።

ከሩቅ የሚመጣ ሹም ይህን የተበታተነ ሕዝብ ለመገመት ቀላሉ መንገድ ወደ ጣራ መመልከት ነበረ። ጭስ በሚወጣበት እሳት አለ፤ እሳት ባለበትም ድስት ተጥዷል፤ ድስት በተጣደበትም ግብር የሚከፍል አባወራ ይገኛል። በሌላው ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ የሚያርስ ሰው «ጭሰኛ» መባሉ ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ሰውዬው በስሙና በአባቱ ስም ሳይሆን ከጎጆው በሚወጣው ጭስ ታወቀ። ይሁን እንጂ ጭስ ቤትን ይነግራል እንጂ ሰውን አይነግርም። በአንዱ ጣራ ሥር ሽማግሌና አሮጊት ብቻ ይኖራሉ፤ በሌላው ባልና ሚስት፥ ስድስት ልጆች፥ የእኅት ልጅ፥ እረኛና አገልጋይ በአንድ ምድጃ ይሞቃሉ። ከውጭ ለሚያየው ግን ሁለቱም አንዳንድ ጭስ ናቸው።

ከጭሰኛው በላይ ባለርስቱ አለ። የጎጃም ርስት በቃላድ ተለክቶ በቍጥር የሚሰጥ አልነበረም፤ መሬቱን አስቀድሞ ካቀናው ሰው የሚወለድ ሁሉ ድርሻዬ ብሎ የሚጠይቀው የዘር መብት ነበረ። ይህ የመጀመሪያው ሰው አቅኚ አባት ይባላል። ከእርሱም መወለድ በአባትም በእናትም በኩል ይቈጠራል። ስለዚህ አንድ ሰው በአባቱ እናት በኩል በአንዱ አጥቢያ፥ በእናቱ አባት በኩል በሌላው አጥቢያ፥ በእናቱ እናትም በኩል በሦስተኛው ርስት ይጠይቅ ነበር። ከዚህ የተነሣ በርስት ሐረግ የሕዝብን ብዛት ልወቅ የሚል ሰው ትልቅ ግራ ይገባዋል። ብልሁና ተሟጋቹ ሰው በሦስት መንደር ሦስት ጊዜ ይቈጠራል፤ ርስት የሌለው ግን ዕድሜውን ሙሉ በአንድ መንደር ኖሮ አንድ ጊዜም ሳይቈጠር ይሞታል።

በባለርስቱና በገዢው መካከል ጭቃ ሹሙ ቆሟል። እርሱ የመንደሩ ሰው ነው፤ ጎረቤቱ ማን እንደ ሆነ፥ ስንት በሬ እንዳለው፥ ጎተራው ምን እንደ ያዘ ያውቃል። ባለጉልቱ እህሉን፥ ማሩን፥ የሁዳድ እርሻውን ቀን የሚጠይቀው በእርሱ በኩል ነው። የመንደሩም እውነተኛ መዝገብ የጭቃ ሹሙ ራስ ነበረ፤ ዳሩ ግን ያ መዝገብ ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ወረደ።

በመንደሩ ጽሕፈት የሚያውቁ ካህናትና ደብተሮች ናቸው። የአውሮፓ አጥቢያዎች ጥምቀትን፥ ጋብቻንና ሞትን በየዓመቱ በመጻፋቸው የዛሬ ሊቃውንት ከዚያ ተነሥተው የሕዝቡን ብዛት፥ ዕድሜና የቸነፈሩን ዓመት ያወጣሉ። በጎጃም ግን ሕፃኑ ወንድ ቢሆን በ40፥ ሴት ብትሆን በ80 ቀን ክርስትና ሲነሣ ስሙ በካህኑና በክርስትና አባቱ ልብ ይጻፋል እንጂ በብራና አይጻፍም ነበር። በብራና የተጻፈው መሬት ነው። በወንጌሉ ኅዳግና በባዶው ቅጠል ላይ የትኛው መሬት ለየትኛው ደብር እንደ ተሰጠ፥ ማን ለማን እንደ ሸጠ፥ ዋሱና ምስክሩ ማን እንደ ሆነ ሰፍሮ ይገኛል። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ባሠሩት በሞጣ ጊዮርጊስ እንዲህ ያለው የመሬት ሽያጭ ጽሑፍ በብዛት ተጠብቆ ቆይቶ፥ የኋላ ዘመን የታሪክ ሊቃውንት መርምረውታል። በእነዚህ ጽሑፎች የሻጩና የገዢው ስም ይነበባል፤ መሬቱን ሲያርስ የኖረው ሰው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነበብም።

ይህም እንግዳ ነገር አይደለም። ኦሪት ዘኍልቍ ስሙ ራሱ ከቈጠራ የመጣ መጽሐፍ ነው፤ በዚያ የተቈጠሩት 603,550 ሰዎች ግን ከ20 ዓመት በላይ የሆኑና ለሰልፍ የሚወጡ ወንዶች ብቻ ናቸው። ሌዋውያን ለብቻቸው ተለዩ፤ ሴቶችና ሕፃናት አልገቡም። የጎጃም መንደርም እንደዚሁ ነበረ። ካህኑ በአገልግሎቱ መሬት ስለ ያዘ ከገባሩ ተራ ይለያል። ከዲማ፥ ከዋሸራና ከጎንጅ የቅኔ ቤት የሚመላለሰው ተማሪ ደግሞ ከየትም አይገባም፤ ከአባቱ መንደር ወጥቷል፥ በመምህሩ ደጅ ጎጆ ቀልሷል፥ ምግቡንም በአኩፋዳው እየዞረ ይለምናል። ጭስ የሌለው ሰው በጭስ ሊቈጠር አይችልም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስም የዛሬውን አንባቢ ሊያስደንቅ ይገባል። «ዜጋ» ዛሬ የአገር መብት ያለው ሰው ማለት ነው። በምሥራቅ ጎጃም የቀድሞ ጽሑፎች ግን ዜጋ የሚባለው ርስት የሌለው፥ በጌታ መሬት ላይ ተቀምጦ ለጌታው የሚሠራና ለእርሱ የሚታዘዝ ሰው ነበረ። ዜጋ የሚጠቀሰው ስለ ራሱ አይደለም፤ የጌታው ሀብት ሲነገር አብሮ ይነገራል። አንድ ቃል ከዚያ ዝቅታ ወደዚህ ከፍታ መውጣቱ ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ የመንደሩን ታሪክ ያስረዳል።

ቀጥቃጩ፥ ፋቂው፥ ሸክላ ሠሪዋና ሸማኔውም አሉ። ያለ ቀጥቃጩ ማረሻ የለም፤ ያለ ሸክላ ሠሪዋ እንስራና ምጣድ የለም፤ ያለ ሸማኔው ቅዳሜና እሑድ የሚለበስ ኩታ የለም። መንደሩ ግን ሥራቸውን እየፈለገ እነርሱን ይርቅ ነበር፤ ቡዳ ናቸው ብሎ ይፈራቸዋል፥ በጋብቻም አይቀላቀላቸውም፥ ከርስትም ያገልላቸዋል። ባሮችም ነበሩ። ከዐባይ ማዶ እየተነዱ በባሶ ገበያ የሚያልፉት ሁሉ ወደ ባሕር ጠረፍ አልወረዱም፤ ከፊሎቹ በጎጃም ቤቶች ውኃ ቀጂና እህል ፈጪ ሆነው ቀርተዋል። በ1834 ዓ.ም. አካባቢ ቻርልስ ቤክ የተባለ እንግሊዛዊ በደቡብ ጎጃም በያውሽ ተቀምጦ ስለ ባሶ ገበያ ሸቀጥና መንገድ ብዙ ጽፏል። በገበያ የሚሸጠው ሰው በነጋዴ ዘንድ ዋጋ ስላለው ይቈጠራል፤ በመንደር ገብቶ ሲያገለግል ግን ይረሳል። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

የሴቲቱ ነገር ከሁሉ ይልቅ የተሰወረ ነው። በጎጃም ርስት በእናትም ስለሚወርድ ሴት ልጅ ባለመብት ናት፤ ብዙው ሙግትም በአያት ስም ይቆማል። ነገር ግን ግብር ሲጠራ የሚጠራው ባልዋ ነው፤ ዘመቻ ሲታወጅ የሚሰማው የወንዱ ስም ነው። እርሷም ከሠራዊቱ በስተ ኋላ ገንቦና መጅ ተሸክማ ትሄዳለች። የእሳቱ ጠባቂ እርሷ ስትሆን ጭሱ በባልዋ ስም ይቈጠራል።

ይህም ሁሉ ሕዝብ በአንድ መጠን ጸንቶ አልኖረም። ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ከወደቁ ጀምሮ ጎጃም ከጦር ወደ ጦር ሲሻገር ኖረ። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ፤ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ በምኒልክ ሠራዊት ድል ሆኑ። በ1880 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር በሳር ውሃ ተዋግተው ተሸነፉ። በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ ስለ ተቈጡባቸው ሠራዊታቸውን በጎጃም ላይ አሰማሩ፤ ገበሬውም በነገሥታት መካከል በተነሣው ጠብ ጎተራውንና ከብቱን አጣ። በዚያው ወራት የከብት ቸነፈር ገባ። ከመቶ ዘጠና የሚሆነው የአገሪቱ ከብት አለቀ ተብሎ ይገመታል። በሬ ያጣ ሰው በዶማ ቈፈረ፤ ዶማ የማንሣት ኀይል ያጣ ደግሞ ተሰደደ። እስከ 1884 ዓ.ም. የቈየው ይህ ዘመን ክፉ ቀን ተባለ። በዚያን ጊዜ በየመንደሩ ስንት ጭስ እንደ ጠፋ የጻፈ የለም፤ ሕዝቡ ግን ዕድሜውን «ከክፉ ቀን በፊት፥ ከክፉ ቀን በኋላ» እያለ ይቈጥር ነበር። ያልተቈጠሩት ሙታን ለሕያዋን የዘመን መቍጠሪያ ሆኑ።

ከዚህ ወዲያ የጎጃም ገበሬ ቈጣሪን በጥርጣሬ ማየቱ ሊያስደንቅ አይገባም። ለእርሱ መቈጠር ማለት መጠየቅ፥ መጠየቅም መክፈል ነበረና። ዳዊት ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ ቸነፈር እንደ መጣ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምቷል፤ በገዛ ደጁም ከቈጣሪው በኋላ ወታደር ሲመጣ አይቷል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ጎጃም ያመፀው በገንዘቡ ብዛት ብቻ አልነበረም። መሬቴ ከተለካ ከአቅኚ አባቴ የወረደው ርስት ይጠፋል፥ እኔም በአባቴ ምድር ጭሰኛ እሆናለሁ የሚል ፍርሃት ነበረበት። መንግሥትም በኋላ ጠቅላይ ገዢውን አንሥቶ ውዝፉን ግብር ማረ።

ከ1976 ዓ.ም. በኋላ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ሌሎች ቈጠራዎች ተደርገዋል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ልደት፥ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ መጻፍ በመላ አገሪቱ ተጀመረ። በእነዚህ መዝገቦች የቀጥቃጩ ልጅና የባለርስቱ ልጅ፥ አባወራውና እናቲቱ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ተብለው ይገባሉ። የቀድሞዋ መንደር ለባለርስቱ ሦስት፥ ለባሪያው ባዶ ትሰጥ ነበር።

ስለ ቀድሞዋ መንደር የሚጽፍ ሰው የጠፋውን ቍጥር ፈጥሮ ሊሞላ አይገባውም፤ የጎደለው ስፍራ ራሱ ይናገራልና። ማን እንደ ተጻፈ ማወቅ የገዢውን አሳብ ያሳያል፤ ማን እንዳልተጻፈ መጠየቅ ግን መንደሩን ያሳያል። እህሉን የፈጨችው፥ ማረሻውን የቀጠቀጠው፥ በአኩፋዳው የለመነው፥ በክፉ ቀን ከመንገድ የቀረው ሰው በአንድ ወገን ሳይሰበሰብ የሚደረግ ድምር ጎዶሎ ነው።