ባሕረ ሐሳብና የሰማይ ምስክርነት

ኢዮቤልዩ የተቈጠረ ዘመን ነውና በዚህ በዓል ስለ ቍጥር ጥቂት መጻፍ የተገባ መስሎ ታየኝ። ምርምር ሲሰፋ ሃይማኖት ይጠባል የሚሉ አሉ፤ ሃይማኖትን የጠበቁ መስሏቸው ከምርምር የሚሸሹም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ግን የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት መስከረም 1 ቀን ሲታወጁ ይሰማሉ እንጂ፥ ቍጥሩ ከወዴት እንደ መጣ አይጠይቁም።

ትውፊታችን ባሕረ ሐሳብን ለ12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል። ይህ አባት ዐቢይ ጾም ከሰኞ፥ ትንሣኤ ከእሑድ፥ ዕርገትም ከሐሙስ እንዳይወጡ ቢመኝ፥ ከሌሊቱ 23 ከመዓልቱም 7 ሱባዔ እንዲይዝ መልአክ ነገረው ይላል። 23ቱ በ7 ቢበዛ 161 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይኸውም አበቅቴ ነው። 7ቱ በ7 ቢበዛ 49 ይሆናል፤ 30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ ይኸውም መጥቅዕ ነው።

እንግዲህ መጽሐፉን ከድነን ወደ ሰማይ እንመልከት። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ያህል፥ 12ቱ የጨረቃ ወራት 354 ቀን ያህል ናቸው፤ ልዩነታቸውም 11 ነው። በሱባዔ ተገኘ የተባለው ቍጥርና በዓይን የታየው ቍጥር አንድ ሆኑ። ደግሞ 19 ዓመት 235 የጨረቃ ወራት ያህል ስለ ሆነ፥ ጨረቃ በ19 ዓመት ወደ ቀድሞ ቀኗ ትመለሳለች። ይህን ዙር የአቴናው ሜጦን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት ገልጾት ነበር። ሜጦን ጣዖት በሚመለክበት ከተማ የኖረ ሰው ነው። ነገር ግን በ3ኛው መቶ ዓመት የሎዶቅያው ኤጲስ ቆጶስ እስክንድርያዊው አናጦልዮስ ይህንኑ ዙር ለፋሲካ ቍጥር ሲወስደው አላፈረበትም። ግብጻዊው ዲያቆን አቡሻክር በ13ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ የጻፈውም ወደ ግእዝ ተመልሶ ለሊቃውንቶቻችን መማሪያ ሆነ።

የሚከብደው ነገር ከዚህ በኋላ ነው። ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ሙሉ አይደለም፤ 11 ደቂቃ ያህል ይጐድለዋል። ይህ ጕድለት በ128 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሆናል። በ325 ዓመተ እግዚእ የኒቅያ ጉባኤ በተሰበሰበበት ዘመን መዓልትና ሌሊት የሚተካከሉበት ቀን መጋቢት 25 ተብሎ ይቈጠር ነበር፤ ዛሬ ግን በሰማይ የሚታየው ወደ ሁለት ሳምንት ቀድሞ በመጋቢት 11 ግድም ነው። ጨረቃም ቍጥራችን ከሚላት 4 ወይም 5 ቀን ቀድማ ትሞላለች። የሮም ሰዎች ይህን አይተው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1582 ዓ.ም. በሊቀ ጳጳሳቸው በ13ኛው ጎርጎርዮስ ትእዛዝ 10 ቀን ከዘመናቸው አወጡ፤ የኦክቶበር 4 ማግስትም ኦክቶበር 15 ተባለ። እኛ አልተከተልናቸውም። አለመከተላችን ነውር አይመስለኝም፤ ልዩነቱ የለም ማለት ግን ነውር ነው።

አንድ ጊዜ ከአስኳላ የመጣ ልጅ ይህንኑ ነገር ለመምህሩ ሲያቀርብ በአጠገባቸው ነበርሁ። «የኔታ፥ የተሳሳተው ሰማዩ ነው ወይስ እኛ?» አላቸው። በዚያ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ተቈጥተው ዝም ሊያሰኙት ቢነሡ፥ የኔታ በእጃቸው ከለከሏቸው። «ልጄ፥ ሰማዩ አልተሳሳተም። ቍጥሩን የሠሩ አባቶችም ዓይናቸው እስከ ደረሰበት ድረስ አይተዋል። ጉባኤው ያዘዘን ሁላችን በአንድ እሑድ እንድናከብር ነው፤ ክርስቶስ ግን የተነሣው ጨረቃ ስለ ሞላች አይደለም» አሉት።

ከሠርክ ጸሎት በኋላም ልጁን ይዘው ወደ ቅጽሩ ደጅ ወጡ። በአበቅቴውና በሕጸጹ ቢያሰሉት 10ኛው ሌሊት ሆነ፤ ጨረቃይቱ ግን ሞልታ ከዛፎቹ በላይ ቆማ ነበር። የኔታ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ሲመለከቷት ቆዩና፥ «በል፥ ያየኸውን ከነቀኑ ጻፈው» አሉት።