የካንሰርን ዓይነት ለመለየት የሚያግዘው የአንቲቦዲ ማይክሮአሬይ

የአንቲቦዲ ማይክሮአሬይ በርካታ ፕሮቲኖችን ከጥቂት ናሙና በአንድ ጊዜ ለመመርመር የሚያስችል የምርምር መሣሪያ ነው። አንቲቦዲ ሰውነት ራሱን ከበሽታ ለመከላከል የሚያመርተው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ዋነኛ ባሕርይው አንድን የተወሰነ ፕሮቲን ለይቶ መያዝ ነው። ተመራማሪዎች የተለያዩ አንቲቦዲዎችን በትንሽ የመስታወት ገጽ ላይ በነጠብጣብ መልክ ይደረድራሉ። የሚያበራ ቀለም የተቀላቀለበት የደም ወይም የዕጢ ናሙና ሲፈስበት፣ እያንዳንዱ ነጠብጣብ የራሱን ፕሮቲን ይይዛል፤ የብርሃኑ ድምቀትም የፕሮቲኑን መጠን ያመለክታል።

ለዘዴው መሠረት የጣሉት ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን ናቸው። ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ ዓይነት አንቲቦዲ በብዛት የሚመረትበትን መንገድ ይፋ አድርገው፣ በ1984 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። አንቲቦዲዎችን በአንድ ገጽ ላይ የመደርደር ሐሳብ በ1983 በትሴ ዌን ቻንግ ቀርቧል። በ2001 ደግሞ የሲድኒ ተመራማሪዎች በነጭ የደም ሕዋሳት ገጽ ላይ ያሉ ፕሮቲኖችን በዚሁ ዘዴ በመለየት የደም ካንሰር ዓይነቶችን መመደብ እንደሚቻል አሳይተዋል።

የደም ካንሰር በሕፃናት ላይ ከሚከሰቱት ካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚታየው ነው፤ ሕክምናውም እንደ ዓይነቱ ይለያያል። በቤሩት የሚገኘው የሊባኖስ የሕፃናት ካንሰር ማዕከል በ2002 ሥራ የጀመረው ከቤሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከልና ከአሜሪካው ሴንት ጁድ ሆስፒታል ጋር በመተባበር ነው። የሴንት ጁድ መሥራች ዳኒ ቶማስም የሊባኖሳውያን ስደተኞች ልጅ ነበር።

ማይክሮአሬይ በዋናነት የምርምር መሣሪያ ነው። በሆስፒታሎች የደም ካንሰርን ዓይነት ለመለየት በስፋት የሚያገለግለው፣ በአንቲቦዲ የተለዩ ሕዋሳትን አንድ በአንድ በጨረር የሚፈትሸው ፍሎው ሳይቶሜትሪ ነው። አንድ አንቲቦዲ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ፕሮቲን በስህተት ሊይዝ ስለሚችል፣ የማይክሮአሬይ ውጤት በሌላ ዘዴ ሳይረጋገጥ ለሕክምና ውሳኔ አይበቃም።

አንቲቦዲዎች ቀዝቃዛ ማከማቻ፣ መሣሪያዎቹም የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ ይሻሉ። የቤሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል በኦገስት 2021 በነዳጅ እጥረት ለመዘጋት መቃረቡን ሲያስታውቅ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዱ ሕሙማን ሕይወት አደጋ ላይ መውደቁን ገልጾ ነበር። በዚያው ወር በቤሩት የካንሰር ሕሙማን የመድኃኒት እጥረትን በመቃወም ሰልፍ ወጥተዋል። የካንሰሩን ዓይነት በትክክል መለየት ሕሙማንን የሚጠቅመው ተገቢው መድኃኒት ሲገኝ ነው።