ራጅ ሊነሳ ነው

«ራጅ ሊነሳ ነው!»

በ1979 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ወጥቼ በጎጃም አንድ ሆስፒታል ሥራ ስጀምር፣ በየቀኑ የምሰማው ጥሪ ይህ ነበር። የራጅ ባለሙያው በሽተኛውን አስተካክሎ ያስተኛና ፊልሙን ከሥሩ ሸጉጦ፣ በበሩ ብቅ ብሎ ይጣራል። ማምከኛ ክፍል ያለችው ነርስ አውቶክሌቩን ታጠፋለች። ልብስ ቤት ያሉት ካውያቸውን ይነቅላሉ። ግቢው ጫፍ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ደግሞ ጄነሬተሩን የሚጠብቁት ሰው እጃቸውን ጋዙ ላይ አሳርፈው የሞተሩን ድምፅ ያደምጣሉ። መብራት ሲጠፋ ብቻ አልነበረም፤ መስመሩ ሲደክምም እንዲሁ ነበር።

የራጅ ማሽን ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ይውልና ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የግቢውን ኃይል በአንድ ጉርሻ የሚውጥ ዕቃ ነው። በዚያች ቅጽበት ጄነሬተሩ ካቃሰተ ፊልሙ ይገረጣል። ፊልሙ ከገረጣ ደግሞ ስብራቱ አይታይም። ከደጋ ዳሞት በቃሬዛ ተሸክመውት የመጡት ሰው እንደገና ይነሳል፤ ያውም ፊልም ከተረፈ ነው። ስለዚህ የዚያን ሰው እግር የሚያስተካክለው ሐኪሙ ብቻ አልነበረም። በቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ጆሮአቸውን ጥለው የቆሙት ሽማግሌም አብረው ያስተካክሉ ነበር።

ማሽኑ ላይ የሠራው ፋብሪካ ስም በብረት ተቀርጾ ይታያል። የሽማግሌው ስም የተጻፈበት ቦታ ግን አላገኘሁም። በሙያዬ ሲኒየር ኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሺያን ተብዬ ጡረታ መቃረቤ ነው፤ ከመውጣቴ በፊት የዚህን ሥራ አመጣጥ በምችለው ያህል ልጻፍ ብዬ የተነሳሁት ለዚህ ነው።

የደምበጫ ልጅ ነኝ። ደምበጫ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ልጅ ሆኜ የማውቀው ማሽን የእህል ወፍጮ ብቻ ነበር። ገበያ ቀን ከተምጫ ማዶ ስንመጣ ከተማው ሳይታየን የወፍጮው ሞተር ይሰማናል። ሞተሩ ሲታመም ድምፁ እንደሚለወጥ ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። ቆይቼ ሳስበው፣ ያ ማስተዋል ከማንኛውም ቴስተር በላይ ጠቅሞኛል።

«ራጅ» የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። የተወረሰው «ጨረር» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሮንትገን ይህን ጨረር ያገኘው ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያለው 114 ቀን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ገደማ ጁሴፔ አልቫሮ የሚባል የኢጣሊያ ጦር ሐኪም፣ ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ኔፕልስ ላይ በዚህ አዲስ ጨረር አንስቶ፣ በክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ፈልጎ አገኘ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲያገለግል የታወቀው የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነው። ዓለም በራጅ ያየው የመጀመሪያው የጦር ሜዳ ጥይት የኛ ሰዎች የተኮሱት ነበር ማለት ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦርም በዓድዋ ተሰልፎ ነበርና፣ ያ ጥይት ከማን ጠመንጃ እንደወጣ ባይታወቅም፣ ይህን ባነበብኩ ቀን የራጅ ክፍላችንን በር በሌላ ዓይን አየሁት።

የኛ ቁስለኞችስ? ጥይት በአካሉ ይዞ አርባና ሃምሳ ዓመት የኖረ፣ ብርድ ሲሆን «እርሳሱ ተንቀሳቀሰብኝ» የሚል አርበኛ በየቀበሌው ነበር። በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ከቡሬ ያፈገፈገው የኢጣሊያ ጦር ደምበጫ አጠገብ ከኢትዮጵያውያን ሻለቃ ጋር ሲዋጋ የወደቁትንና የቆሰሉትን አባቶቻችን ያወሩልን ነበር። ያኔ በዚያ አካባቢ ጥይት የሚፈለገው በጣት ነው።

ጣሊያን ሲወጣ ቃሉን ጥሎልን ሄደ። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ኮረንቲ የምንላቸው የሙያችን ቃላት ሁሉ የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። መሣሪያውን የያዙት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ትምህርት ቤት አልገቡም። ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ እያቀበሉ፣ እየተቆጡ የተማሩ ናቸው። የቃሉ አወራረስ የሙያውን አወራረስ ይነግረናል።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ለጤና ሥራ ሰው ማሠልጠን ጀመረ። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ እያሠለጠነ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ለገጠሩ የተደረገ ትልቅ ነገር ነው፤ የኛን አገር ወባና ፈንጣጣ የታገሉት እነዚህ ናቸው። ነገር ግን በዚያ ቡድን ውስጥ ዕቃ የሚጠግን ሰው አልነበረም። ያኔ ዕቃው ጥቂት ስለነበር ይሆናል። ዕቃው ሲበዛም ቦታው ባዶ ሆኖ ቆየ። ባዶውን ቦታ የሞሉት ዘበኛው፣ ሾፌሩና የጄነሬተሩ ሰው ናቸው።

በኮረንቲ በኩል ደግሞ፣ የመብራት ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነው። የጢስ ዓባይ ውሃ በ1956 ዓ.ም. ተርባይን ማዞር ሲጀምር ዋናው ተጠቃሚ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ደግሞ የኤሌክትሪክ፣ የብረታ ብረት፣ የእንጨት፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የእርሻ ሜካኒክስና የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ሙያ ያስተምር ነበር። እኔ ኤሌክትሪክ ደረሰኝ። የተማርነው ለፋብሪካ ነው። ሞተር መጠቅለል፣ ፓነል መዘርጋት፣ ትራንስፎርመር ማስላት ተማርን። የሰው ልብ የምትሰጠውን ሚሊቮልት ስለሚለካ ማሽን የሰማሁት ሆስፒታል ከገባሁ በኋላ ነው።

አሁን ስለ ፍሪጅ ላውራ፤ ከሁሉ ይልቅ የምወደው የሙያችን ምዕራፍ እሱ ነው።

የክትባት ፕሮግራም በአገር አቀፍ ደረጃ በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ ነበረበት። ኮረንቲ የሌለበት ጤና ጣቢያ ይህን በምን ይጠብቅ? በነጭ ጋዝ ፍሪጅ ነው። ስልቱን በ1922 እ.ኤ.አ. የፈጠሩት ባልዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስቶክሆልም የምህንድስና ተማሪዎች ናቸው፤ በገበያ ያወጣው ኤሌክትሮሉክስ ነው። ከሥሩ እንደ ኩራዝ ክር ያለው መብራት ይነድዳል። ሙቀቱ አሞኒያን ከውሃ አፍልቶ ያወጣዋል። አሞኒያው ወደ ላይ ወጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ከሃይድሮጅን ጋር ሲገናኝ ይተናል፤ ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ውሃው ይመለሳል። ሞተር የለው፣ ቺንጋ የለው፣ ድምፅ የለው። እሳት ነድዶ በረዶ ሲሠራ ያዩ የገጠር ሰዎች አማትበዋል።

አንድ ጊዜ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ «ፍሪጁ አልቀዘቅዝ አለ» ተብሎ ተላክሁ። ቴስተሬን አንጠልጥዬ ደረስኩ። ፍሪጁን የሚጠብቁት ሰው ሁሉ «አያ» የሚላቸው ሽማግሌ ዘበኛ ናቸው። ቴስተሩን አዩት።

«ልጄ፣ በዚህ ምኑን ልትለካ ነው? ይኸ ዕቃ ኮረንቲ የለውም።»

«አያ፣ ታዲያ ምን ሆኖ ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

ሳህን ውሃ ሞልተው ከፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጡ። ውሃው በአንድ በኩል ፈሰሰ። ወለሉ አፈር ነውና በክረምቱ አንዱ እግር ሰምጧል፤ ፈሳሹ በራሱ ቁልቁለት የሚወርድበት ዕቃ ስለሆነ ካጋደለ አይሠራም። እግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገባን። ከዚያ ክሩን በመቀስ አስተካከሉ፤ የጭስ መውጫውን ጥላሸት ጨርቅ በተጠመጠመበት የበቆሎ ቆረቆንዳ ጠረጉ። ነበልባሉ ቢጫ ነበር፤ ሰማያዊ ሆነ። «ሰማያዊ ሲሆን ልጆቹ ደህና ናቸው» አሉኝ። ጤና ጣቢያው አደርኩ። በነጋታው ቴርሞሜትሩ 6 ዲግሪ ላይ ነበር። ቅዳሜ እናቶች ሕፃናታቸውን አዝለው ሲመጡ ክትባቱ ደህና ሆኖ ጠበቃቸው።

እኔ በዚያ ቀን ለጥገና የጻፍኩት ሪፖርት «ተስተካክሏል» የሚል ነው፤ በእኔ ፊርማ። እሳቸው አልተጠቀሱም። ዛሬ ድረስ የሚከነክነኝ ይህ ነው።

ሌላው የሙያችን አጎት ገበያ ውስጥ ተቀምጦ ሬዲዮ የሚጠግነው ሰው ነው። በኋላ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል በእርዳታ የመጣ የልብ ምት መከታተያ ሞኒተር ተከፈተ። ሶኬቱን የሰካሁት እኔ ነኝ፤ ጀርባውን አላነበብኩም። ዕቃው ለ110 ቮልት የተሠራ ነበር፣ የኛ ግድግዳ 220 ነው። ጭሱን ከነሽታው አስታውሰዋለሁ። ብዙዎች «እቃ ግምጃ ቤት ይግባ» አሉ፤ ግምጃ ቤት ማለት ያኔ መቃብር ነው። ትራንስፎርመሩን ፈትቼ ቡሬ ለአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ወሰድኩለት። የተቃጠለውን ጥቅል እያንዳንዱን ዙር እየቆጠረ ፈታው፤ በቀጭን ሽቦ፣ በእጥፍ ዙር፣ በእጁ በሚያዞራት ማጠንጠኛ መልሶ ጠቀለለው። ሥራው ከጠዋት እስከ ማታ ወሰደ። ሞኒተሩ ሠራ፤ ለዓመታት አገለገለ።

በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት በ16 አገሮች 112,040 የሕክምና ዕቃዎችን ተመልክቶ 38.3 በመቶው ከሥራ ውጭ እንደነበር ጽፏል። ምክንያት ብሎ ያስቀመጠው የሥልጠና፣ የአያያዝና የመሠረተ ልማት ጉድለትን ነው። ቁጥሩን ሳነበው አልደነገጥኩም፤ ግምጃ ቤቱን አውቀዋለሁ። እኔን የቆጨኝ ዕቃው መሰበሩ አልነበረም፤ ቡሬ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ እንዳለ ማንም አለማወቁ ነው።

ለረጅም ጊዜ እኛ ከቧንቧ ሠራተኛና ከአናጢ ጋር በጠቅላላ አገልግሎት ሥር ነበርን። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ለሕክምና መሣሪያ አያያዝ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጠው። ዕቃ ይመዝገብ፣ ታሪኩ በፋይል ይያዝ፣ ሳይሰበር ይጠገን አለ። ተግባረ እድ ኮሌጅ የሕክምና መሣሪያ ቴክኒሺያን አሠለጠነ፤ ጅማ፣ ጎንደርና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሜዲካል መሐንዲሶች አፈሩ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተሮቹን ማጣሪያ እያጠብን፣ ከሌሊት እስከ ሌሊት ያዞርናቸው ከእነዚህ ወጣቶች ጋር ነው። እጃቸው ፈጣን ነው። ትምህርታቸው ከእኔ ይበልጣል፤ ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው።

የጄነሬተሩ ሽማግሌ ጡረታ ሲወጡ ደብተራቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ሽፋኑ ናፍጣ ጠጥቷል። በአንድ በኩል መብራት የጠፋበትና የመጣበት ሰዓት አለ፤ በእኛው አቆጣጠር። በሌላው የተቀዳው ናፍጣ ተጽፏል። በዳርቻው ላይ በየመስመሩ አንድ ፊደል ብቻ ሰፍሯል፦ «ራ»። አንዳንድ ቀን አንድ፣ ገበያ በዋለበት ማግስት አራትና አምስት ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራው ወጣት መሐንዲስ ደብተሩን ስትገልጥ ፊደሉን አየችው።

«ጋሼ፣ ይቺ ‹ራ› ምንድን ናት?»

ወደ ጓሮ ይዣት ወጣሁ። የእኛም ግቢ የድሮ ጄነሬተር ቤት ነበረው፤ ቆርቆሮው ተነቅሏል፣ ሞተሩ ይቀመጥበት የነበረው ሲሚንቶ ግን አሁንም አለ፤ የብሎኖቹ ጫፍ ይታያል። እሷን እዚያ አቆምኳት። እኔ ወደ ራጅ ክፍሉ በር ተመልሼ፣ ሽማግሌው ይሰሙት በነበረበት ርቀት እንድትሰማው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተጣራሁ።