አገር ስጠኝ፤ ስለ አንዲት እንቆቅልሽና ስለ አሞሌ ጨው ታሪክ

በአገራችን ማታ ማታ ልጆች በምድጃ ዙሪያ ሲሰበሰቡ ከሚጫወቱት ጨዋታ ሁሉ እንቆቅልሽን የሚያህል አእምሮን የሚያነቃ የለም። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያም ጠያቂው ነገሩን በምሳሌ ሸፍኖ ያቀርባል። ፍቺው የጠፋ እንደ ሆነ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ብሎ አገር ይቀበላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጡታል፤ እርሱም በተሰጠው አገር ጥቂት ከተኩራራ በኋላ ፍቺውን ይገልጣል። ይህም የሕፃናት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ንግሥተ ሳባ የሰሎሞንን ጥበብ በእንቆቅልሽ ለመፈተን እንደ መጣች በመጽሐፍ ተጽፎ እናነባለን።

ብዙ ሰው እንቆቅልሹ ከተፈታ በኋላ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። የእኔ አሳብ ግን ፍቺው የነገሩ መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም የሚል ነው። ለዚህም ማስረጃ እንድትሆን የሚከተለችውን እንቆቅልሽ ለዚህ መጽሔት ብዬ ገጥሜአለሁ።

ከባሕር ዝቅ ብሎ፥ በእሳት አገር ተወለደ፣
በልጥ ተጠፍሮ፥ በግመል ተሰደደ፤
አገሩን ሲለቅ፥ ዋጋው እየከበደ፣
ዝናም ያገኘው ዕለት፥ እንባ ሆኖ ሄደ።
ከገበያ ሲውል፥ ሁሉን ገዢ ገንዘብ፣
ከድስት ሲገባ ደግሞ፥ ለሁሉ ምግብ።

ፍቺዋ አሞሌ ጨው ነው። ጨው የማይገኝበት ቤት የለም፤ ስለዚህም ልብ ብሎ የሚያየው የለም። ነገር ግን ስንኞቹን አንድ በአንድ ብንመረምር እያንዳንዱ ስንኝ የኢትዮጵያን ታሪክ አንዱን ክፍል ይዞ እናገኘዋለን።

የመጀመሪያው ስንኝ ስለ ትውልድ አገሩ ይናገራል። አሞሌ የሚቈረጠው በአፋር ምድር ዳሎል አጠገብ ካለው የጨው ሜዳ ነው። ይህ ስፍራ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ እስከዚያ ይደርስ ነበር፤ በኋላ ግን መሬቱ ከፍ ብሎ መግቢያውን ስለ ዘጋው የቀረው ውሃ በፀሐይ ተንኖ እጅግ ወፍራም የጨው ድርብርብ ትቶ ሄደ። «የእሳት አገር» ያልሁትም ለማጋነን አይደለም፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1966 ድረስ በዳሎል በተደረገው ልክ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ማለት ቀንና ሌሊት፣ በጋና ክረምት አንድ ላይ ተደምሮ ነው። በዚህ ሙቀት ውስጥ ሠራተኞች የጨዉን ቅርፊት በመጥረቢያ ይሰነጥቃሉ፤ በረጅም እንጨት ይፈነቅላሉ፤ ሌሎቹም ቁጭ ብለው በሹል ብረት እየጠረቡ መጠኑን ያስተካክላሉ። እኛ በሁለት ጣት ቆንጥረን ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ነገር መነሻው ይህን የመሰለ ድካም ነው።

ሁለተኛው ስንኝ ስለ ጉዞው ነው። የተጠረበው አሞሌ እንዳይሰበር በልጥ ይታሰራል፤ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ከቆላው ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣል። የጨው ነጋዴዎች ቅፍለት በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ከብቶችን ይዞ በበራህሌ በኩል ሲያልፍ ኖሯል። መቐለም በ19ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጊዜ ከተማ ሆና ስታድግ የጨው ንግድ ትልቅ ድጋፍ ሆኗታል። ከዚያም አሞሌው ከገበያ ወደ ገበያ እየተላለፈ ወደ ላስታ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ጎጃም፣ ወደ ሸዋ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ደቡብና ምዕራብ አገሮች ይደርስ ነበር።

ሦስተኛው ስንኝ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው፤ ሰው አገሩን ሲለቅ ይዋረዳል እየተባለ ሲነገር አሞሌ ግን አገሩን ሲለቅ ይከብራል። ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር የሚሆነን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በጨው መቍረጫው ስፍራ ለአንድ ድራም ወርቅ ከ120 እስከ 130 አሞሌ ይሰጥ እንደ ነበረ፣ በየገበያው ግን ቍጥሩ እየቀነሰ ሄዶ በንጉሡ ከተማ ለዚያው ወርቅ የሚሰጠው ስድስት ወይም ሰባት አሞሌ ብቻ እንደ ነበረ ይነግረናል። በክረምትም ጊዜ እስከ አምስት ይወርዳል ይላል።

ይህ ለምን ሆነ? ምክንያቱን ብናስብ ቀላል ነው። በመንገድ ላይ ነጋዴውም ከብቱም ይበላል፤ በየኬላው ቀረጥ ይከፈላል፤ ከጨዉም የሚሰበር አለ። የተሰበረ አሞሌ ደግሞ እንደ ሙሉው አይቈጠርም። ስለዚህ አሞሌው በሄደበት መንገድ ሁሉ የድካሙን ዋጋ በላዩ ላይ እየጨመረ ይጓዛል። በትምህርት ቤት ስለ ዋጋና ስለ ማጓጓዣ ወጪ የምንማረውን ነገር ነጋዴዎቻችን መጽሐፍ ሳያዩ ያውቁት ነበር።

አራተኛው ስንኝ የአሞሌን ድካም ይገልጣል። በዝናም ጊዜ ይቀልጣል፤ ጐተራ ሙሉ አሞሌ ያለው ባለጸጋ ጣራው ቢያፈስ በአንድ ሌሊት ድኻ ሊሆን ይችላል። በክረምት ዋጋው የሚወደደውም መንገዱ በጎርፍ ስለሚዘጋና የሚመጣው ጨው ስለሚያንስ ነው። ስለዚህ አሞሌ የነበራቸው ሰዎች በጭስ ቤት፣ ከምድጃው አጠገብ፣ እርጥበት በማያገኘው ስፍራ ያኖሩት ነበር።

አምስተኛው ስንኝ ግን ቆም ብለን እንድናስብ ያስገድደናል። አሞሌ ገንዘብ የሆነበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ ሁሉ ይፈልገዋል፤ በየስፍራው አይገኝም፤ መጠኑም ተመሳሳይ ስለ ሆነ በቍጥር ይሰጣል። ማርትሬዛ ብር ወደ አገራችን ከገባ በኋላ እንኳ አሞሌ የብር ምንዛሪ ሆኖ ቆይቷል። ከዚያም በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም መንግሥት ጊዜ ወደ አዱሊስ የመጣው ኮስማስ የተባለው ነጋዴ የአክሱም ሰዎች በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ወደ ሩቅ አገር እየሄዱ በወርቅ ይለውጡ እንደ ነበረ ጽፏል።

ነገር ግን «ሁሉን ገዢ» ባልሁት ቃል ውስጥ የሚያሳዝን ምስጢር አለ። አልቫሬዝ እንደ ሰማው አድርጎ ሲጽፍ፣ በዳሞት ዳርቻ አንድ ባሪያ በሦስት ወይም በአራት አሞሌ ይገዛ ነበር ይላል። አንባቢ ሆይ! ሦስት አሞሌ ማለት አንድ ሕፃን ልጅ በእቅፉ ሊሸከመው የሚችል ነገር ነው። ጨዉ ከአገሩ ሲርቅ ዋጋው ከፍ አለ፤ የሰው ልጅ ግን ከአገሩ ተነጥቆ ሲወሰድ ዋጋው ከጨው በታች ወረደ። የገዛውና የሸጠው ሰው ስሙ በታሪክ አልቀረም፤ የተሸጠውም ሰው ስሙ አልተጻፈም፤ የቀረልን የአሞሌው ቍጥር ብቻ ነው። በአገራችን ባርነትን ፈጽሞ የሚከለክለው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለ አሞሌ ስንጽፍ የነጋዴውን ብልሃትና የመንገዱን ርዝመት ብቻ አወድሰን ይህን ብንተወው እንቆቅልሹን ፈታነው ማለት አንችልም።

የአሞሌ ገንዘብነት እንዴት ቀረ ያልን እንደ ሆነ፣ በአንድ ቀን የቀረ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል ዘመን የተቀረጸበትን ብርና ከርሱ የሚያንሱትን ምንዛሪዎች አሠሩ፤ የአቢሲንያ ባንክም በ1898 ዓ.ም. ተመረቀ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ የባሕር ጨውም በባቡር ለመምጣት መንገድ አገኘ። ሆኖም የገጠር ሰው አዲሱን ገንዘብ ቶሎ አላመነውም፤ በብዙ ገበያዎች አሞሌው ከግርሽ ጋር ጐን ለጐን ሲሠራ ቆየ። ይህም አያስደንቅም፤ ግርሽ ቢከስር አይላስም፤ አሞሌ ግን ገንዘብነቱ ቢቀር እንኳ ጨውነቱ አይቀርም።

ስድስተኛው ስንኝም ይህንኑ ያረጋግጣል። ዛሬ አሞሌ ገንዘብ አይደለም፤ ነገር ግን በአፋር ጨው መቍረጡ አልቀረም፤ መንገድ ስለ ተሠራም ከግመሉ ሌላ የጭነት መኪና ይጭነዋል። የንጉሥ ግምጃ ቤት የነበረው ነገር ወደ ድስቱ ተመልሷል። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል የሚለው ምሳሌ የተነገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አባቶቻችን የነገርን ዋጋ በጥቅሙ ይመዝኑ እንደ ነበረ ያስረዳናል።

እንግዲህ ወገኖቼ ተማሪዎች! ታሪክ ማለት የነገሥታትን ስምና የጦርነትን ቀን በቃል ማጥናት ብቻ አይደለም። ወፍጮው፣ ምጣዱ፣ ጀበናው፣ ጋቢው ሁሉ የየራሱ እንቆቅልሽ አለው፤ ፍቺውንም የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በየመንደራችን አሉ። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ አንዱን ዕቃ መርጠን ከየት መጣ፣ ማን ሠራው፣ በስንት ተገዛ፣ ማንስ ደከመበት ብለን ብንጠይቃቸው መልካም ነው። ጠያቂ «አገር ስጠኝ» ሲል አገርን በጨዋታ ይቀበላል፤ እንዲህ አድርጎ የሚጠይቅ ተማሪ ግን አገሩን በእውነት ይቀበላል።