በፋሮኛ ሰዋስው የባለቤት መልክ መለወጥና የዴንማርክ ቋንቋ ተጽዕኖ

በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ፥ በኖርዌይና በአይስላንድ መካከል፥ 18 የፋሮ ደሴቶች ይገኛሉ። ሕዝባቸው ከ50 ሺሕ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ የሚኖረውም በዴንማርክ መንግሥት ሥር ነው። ቋንቋው፥ ፋሮኛ፥ በ9ኛው መቶ ዓመት ከኖርዌይ የመጡት ሰፋሪዎች ይናገሩት ከነበረው ከጥንቱ የሰሜን ጀርማናዊ ቋንቋ የወጣ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በፋሮኛ ሰዋስው የደረሰው ለውጥ የዴንማርክ ቋንቋ ያመጣው ብልሽት ነው የሚለው ፍርድ እስከ ምን ድረስ እውነት ነው? (ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «ራበኝ»፥ «በረደኝ» ስንል የተራብነውና የበረደን እኛው ስንሆን፥ በግሱ ላይ የምንገኘው ግን እንደ ተሳቢ ነው። ፋሮኛም «ደስ ትለኛለች» ለማለት «ሜር ዶማር ሃና» ይላል። «ሜር» ማለት «ለእኔ» ነው፤ በላቲን ሰዋስው ዳቲቭ የሚባለው መልክ ነው። ሆኖም በቃላት ሥርዓት ረገድ ይህ «ለእኔ» የተቀመጠው በባለቤት ወንበር ላይ ነው። ፋሮኛ እንደ አብዛኞቹ ጀርማናውያን ቋንቋዎች ግሱን በሁለተኛው ስፍራ ያቆማል፤ «ዛሬ» የሚል ቃል ቢቀድም «ዛሬ እበላለሁ እኔ ዓሣ» እንደ ማለት ባለቤቱ ከግሱ ኋላ ይሄዳል። «ሜር»ም እንዲሁ ያደርጋል። ከዚህም በላይ «ሃና» ማለት «እርስዋን» ነው እንጂ «እርስዋ» አይደለም፤ አይስላንድኛ በዚህ ስፍራ «እርስዋ» ይላል። እንግዲህ በፋሮኛው ዐረፍተ ነገር «ሜር»ን ባለቤት አይደለም ብንል ሌላ ባለቤት አናገኝለትም።

ለውጡ የገባው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ወጣቶች «ኤግ ዶሚ ሃና» ይላሉ፤ «ኤግ» ማለት «እኔ» ነው። «ሕልም አየሁ» በሚለው ግስ ፊት ይቆም የነበረው «እኔን»ማ ከንግግር ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

ይህ እንደ ጥፋት የተቈጠረበት ምክንያት በታሪኩ ይገኛል። ከ16ኛው መቶ ዓመት የሃይማኖት ተሐድሶ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑም ፍርድ ቤቱም የዴንማርክን ቋንቋ ያዙ፤ ፋሮኛ በየቤቱ፥ በጀልባው ላይና ሰንሰለት ሠርተው እየጨፈሩ በሚያዜሙት ረጅም ግጥም ውስጥ ቀረ። በ1781 እና በ1782 ስቫቦ የተባለው ሊቅ ከእነዚህ ግጥሞች ብዙዎቹን ሰበሰበ። በ1846 ሐመርስሃይምብ የሠራው አጻጻፍ የተመሠረተው በዘመኑ አነጋገር ላይ ሳይሆን በቃላቱ ጥንታዊ ምንጭ ላይ ነው፤ እንዲያውም የሚጻፍ የማይነበብ ፊደል አለበት። በ1948 የወጣው የውስጥ አስተዳደር ሕግም ፋሮኛን ዋና ቋንቋ አደረገው። እንግዲህ ጽሕፈቱ ፊቱን ወደ ጥንት ካዞረ፥ ሕዝቡ የሚናገረው ሁሉ ስሕተት ቢመስል ምን ይገርማል?

ዳሩ ግን አይስላንድም ለብዙ ዘመን በዴንማርክ ሥር ነበረች። እዚያ የተሰማው ለውጥ ተቃራኒ ነው፤ «እኔን» ይባል የነበረው «ለእኔ» እየሆነ ሄደ፤ መምህራንም «የዳቲቭ በሽታ» የሚል ስም አወጡለት። በአንዱ አገር ዳቲቭ ሲሸሽ በሌላው ሲስፋፋ፥ ሁለቱን ባንድ ገዥ ማመካኘት አይቻልም። በጥንቱ እንግሊዝኛም መውደድን የሚናገረው ግስ ሰውየውን በዳቲቭ ያስቀምጥ ነበር፤ ኋላ «እኔ» ተተካ። እንግሊዞች ግን ልጆቻቸውን ወደ ዴንማርክ ትምህርት ቤት አልላኩም። ወደ አገራችን ብንመለስ፥ በግዕዝ የተራበ ሰው «ርኅብኩ» ይላል፤ ራሱ ባለቤት ነው። አማርኛ «ራበኝ» ማለቱ ከፋሮኛ ጉዞ በተቃራኒው አቅጣጫ መሆኑ ነው። አማርኛን በዚህ ምክንያት የተበላሸ ያለው ሰው አላጋጠመንም።

በቃላት ሥርዓት ላይ ግን ለተቃራኒዎቻችን ግማሹን እንለቅላቸዋለን። በጥገኛ ዐረፍተ ነገር አይስላንድኛ ግሱን ከአሉታው ቃል ያስቀድማል፤ የዴንማርክ ቋንቋ አሉታውን ከግሱ ያስቀድማል። ፋሮኛ በሁለቱ መካከል ሲወላውል ይታያል፤ ወጣቶቹም ወደ ሁለተኛው ያዘነብላሉ። እያንዳንዱ የደሴቶቹ ልጅ የዴንማርክን ቋንቋ በትምህርት ቤት ስለሚማር ተጽዕኖው አይካድም። ነገር ግን የፋሮኛ ግስ በብዙ ቍጥር «እኛ»ን፥ «እናንተ»ንና «እነርሱ»ን አይለይም፤ ሦስቱም አንድ መልክ አላቸው። ግስ የባለቤቱን ምልክት ሲያጣ ስፍራውንም ይለቃል የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ይህ ምክንያት ከቋንቋው ከራሱ ውስጥ የመጣ ስለ ሆነ እኛ ከጎረቤት ተጽዕኖ እኩል እንቈጥረዋለን።