የክፉ ቀን ስንቅ



የረኃብ ታሪክ ሲነገር ስለ ጎተራ ይወሳል እንጂ ጎተራው ከጎደለ በኋላ ሕዝቡ በምን እንደ ቆየ እምብዛም አይወሳም። ስለዚህ ዛሬ በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ፥ ሰው ሳይዘራው ስለሚበቅለው ምግብ ጥቂት እንናገራለን።

መንዝና ግሼ የገብስ አገር ናቸው። በልጉ የቀረ እንደ ሆነ መኸሩ እስኪደርስ ድረስ ክረምቱ ይረዝማል። በዚያን ጊዜ ከዝናቡ ጋር የሚለመልመውን ሳማ እንዳይለበልባቸው ተጠንቅቀው ይቀጥፉታል፤ ቀቅለውም የገብስ ዱቄት ጨምረው ወጥ ያደርጉታል። ከጥሻውም ቀጋና እንጆሪ ይለቀማል። መርሐ ቤቴ ደግሞ በጀማና በወንጪት ወንዞች መካከል ያለ አገር ስለ ሆነ፥ ወደ ቆላው ሲወረድ ሾላ፥ ዋንዛና ቁርቁራ ይገኛል።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው። ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየውም ዘመን «ክፉ ቀን» ተባለ። በሬ በመጥፋቱ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ በታሪክ ተጽፏል። ያን ጊዜ የዱር ቅጠልና ሥር የብዙ ሰው ምግብ ሆነ፤ ሁሉን ግን አላዳነም።

ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በዛ፤ እርሻው ገደሉን ተጠጋ፤ ጥሻው ተመነጠረ፤ ዋንዛውም ለጣውላ ተቆረጠ። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ወደ ሰሜን ሸዋ በደረሰ ጊዜ፥ እህል ያጣ ሰው የሚሸሽበት ዳር ከአያቶቹ ዘመን ይልቅ ጠብቦ ነበር።

ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ጥፋት የማይቀር ዕዳ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለውን የመንዝን ጓሳ፥ የአስቦና የጌራ ወገኖች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በደንብ ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ እስኪያገግም ድረስ ቦታው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሲከፈትም ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ጓሳውም ተጎዳ። በኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ መክሮ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቋመው። ለሣር የተቻለው ደንብ ለቀጋውና ለሾላው የማይቻልበት ምክንያት የለም።

በጽሕፈት ቤት የምንሠራ ሰዎች ያልታረሰውን ሁሉ «ጠፍ መሬት» ብለን መመዝገብ ይቀናናል። ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት፥ ያ ጠፍ ያልነው ቦታ በክረምት የማንን ድስት እንደሚሞላ መጠየቅ ይገባናል።